ጆሮ ዳባ ልበስ!

እየሰማ እንዳልሰማ የሚሆን ሰው በአማርኛ የታወቀ መጠሪያ አለው፤ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል፡፡ ዳባ የተለፋ ቆዳ ነው፤ መናኝ የሚለብሰው፣ ድኻ የሚደርበው፣ ብርድ የማያስገባ ልብስ፡፡ ጆሮውን ዳባ ያለበሰ ሰው መስማት የተሳነው ሰው አይደለም፤ መስማት እየቻለ ላለመስማት የወሰነ ነው፡፡ ስለዚህም አነጋገሩ ወቀሳ እንጂ አዘኔታ የለበትም፡፡

ዛሬ ያ ዳባ ከቆዳነት ወደ ፕላስቲክነት ተለውጦ፣ ባትሪ ተበጅቶለት፣ በሚያምር ሳጥን ታሽጎ ይሸጣል፡፡ ጩኸት ከልካይ ሄድፎን ይሉታል፡፡ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ ወላይታ ሶዶም ደርሷል፡፡ በባጃጅ ውስጥ፣ በካፌ በረንዳ፣ በመናኸሪያ ወረፋ ላይ ጆሯቸውን ሸፍነው የተቀመጡ ወጣቶችንና ጎልማሶችን ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል፡፡

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፡፡ ይህ ዕቃ በአውሮፕላን ውስጥ ሊመሰገን ይገባዋል፡፡ በከተማችን ጎዳና፣ በአውቶቡሳችንና በሰፈራችን ግን የችግራችን መድኃኒት መስሎ የችግራችን ተባባሪ እየሆነ ነው፡፡ የሞተር ጉርምርምታ ለማንም ተብሎ የሚለቀቅ አይደለም፤ የከተማችን ጩኸት ግን ሰው ፈቅዶና ወስኖ የሚለቀው ነው፡፡ ሰው የወሰነውን ነገር በቃልና በሕግ ይሞግቱታል እንጂ በዕቃ አይሸሹትም፡፡ ይህንንም የምጽፈው በተለይ መጽሐፍ ለሚወደው ወገን ነው፤ አዲሱን ዳባ ቀድመው ከለበሱት መካከል ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ናቸውና፡፡

አስቀድሜ ምስጋናውን ላቅርብ፤ ወቀሳ ያለ ምስጋና ከቅናት ይቆጠራልና፡፡ ድምፅ በአየር ላይ የሚጓዝ ሞገድ ነው፤ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፡፡ አንዱ ሞገድ ከፍ በሚልበት ቅጽበት ሌላው በዚያው መጠን ዝቅ ቢል ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ለጆሮ የሚተርፈው ጸጥታ ይሆናል፡፡ ሄድፎኑ የሚሠራው ይህንኑ ነው፡፡ በላዩ ላይ ያለች ትንሽ ማይክሮፎን የውጭውን ጩኸት ትሰማለች፤ በውስጡ ያለው መሣሪያ የዚያን ጩኸት ግልባጭ ሠርቶ ወደ ጆሮ ይለቃል፤ ጩኸት በጩኸት ይጠፋል፡፡ አሳቡን ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በፈጠራ መብት አስመዝግቦታል፡፡ ከወረቀት ወርዶ ጆሮ ላይ ለመቀመጥ ግን አሥርት ዓመታት ጠበቀ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1978 አማር ቦዝ የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር፣ በአውሮፕላኑ የተሰጠው ማዳመጫ በሞተሩ ጩኸት ስለ ተዋጠበት እዚያው መቀመጫው ላይ ስሌቱን መሥራት ጀመረ፡፡ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ለአብራሪዎች የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ለተራው መንገደኛ የሚሆነውን ደግሞ በ2000 ለገበያ አቀረበ፡፡

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን ለሚወርድ መንገደኛ ይህ ዕቃ ትልቅ እረፍት ነው፡፡ በበረራ ላይ ያለ አውሮፕላን ውስጡ ብዙ ጊዜ 80 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል፤ ጉዞው ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ ነው፡፡ ተራ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ዘፈኑን ወይም ትረካውን ለመስማት ድምፁን ከሞተሩ በላይ ማስጮህ ይኖርበታል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ለጆሮ አያሰጋም፤ መጠኑ ወደ 90 ሲወጣ ግን የተፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው፡፡ ጩኸት ከልካዩ የሞተሩን ድምፅ ዝቅ ስላደረገው ሰውየው በለሆሳስ ያዳምጣል፤ ጆሮው ይተርፍለታል፡፡ ይህን «የፈረንጅ ቅንጦት» ብሎ የሚያጣጥል ሰው ስለ ጆሮ ምንም ያላሰበ ሰው ነው፡፡

ነገር ግን በሰማይም ቢሆን የመጀመሪያው መልስ ሄድፎን እንዳልነበረ እናስታውስ፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከጦርነቱ በተረፈ ሲ-47 አውሮፕላን ነበር፤ ማራገቢያው የሚዞረው በሁለት የፒስተን ሞተሮች ነው፡፡ በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 787ን ተረከበ፡፡ የዚህን አውሮፕላን ሞተር ያየ ሰው የኋላ ከንፈሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ መሆኑን ልብ ይላል፤ ለጌጥ አይደለም፤ ከሞተሩ የሚወጣው አየር ከውጭው አየር ጋር ቀስ ብሎ እንዲቀላቀልና ጩኸቱ እንዲቀንስ ነው፡፡ መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት በቸርነት ብቻ አይደለም፡፡ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአውሮፕላን ጩኸትን የሚመለከተውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1971 ስላወጣና በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች አቤት ስላሉ ነው፡፡ በሰማይ የሚበር ብረት እንኳ የጩኸት ልክ ተበጅቶለታል፡፡ መጀመሪያ ጩኸቱን ከምንጩ ቀነሱ፤ የተረፈውን ለሄድፎኑ ተዉለት፡፡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፡፡ እኛ ግን ምንጩን ሳንነካ ከመጨረሻው ጀመርን፡፡

ሁለተኛው ነገር የሚያስገርመኝ ነው፡፡ መሣሪያው ራሱ በሞተርና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል! ጩኸት ከልካይ ሄድፎን በደንብ የሚያሸንፈው ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅን ነው፤ የአውሮፕላን ሞተርን፣ የማራገቢያን፣ የጎማን ጉርምርምታ፡፡ እነዚህ ድምፆች ከአንዱ ሰከንድ ወደ ሌላው አይለዋወጡም፤ ስለዚህም ግልባጫቸውን ማዘጋጀት ይቻላል፡፡ የሰው ንግግር ግን በየቅጽበቱ ይለወጣል፡፡ የቋንቋ ምሁራን ፈንጂ የሚሏቸውን የ«ጠ»ን፣ የ«ቀ»ን፣ የ«ጨ»ን ድምፅ ውሰዱ፤ አማርኛም ወላይትኛም ሞልተዋቸዋል፡፡ እንዲህ ያለው ድምፅ ቀጭንና ድንገተኛ ነው፤ ፈንድቶ አልቆ የመሣሪያው ግልባጭ አይደርስበትም፡፡ ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ ከኋላ ወንበር የምታለቅሰው ሕፃን ግን ትሰማለች፡፡ እንግዲህ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ለሰው ድምፅ ያስቀረውን ቀዳዳ እኛ ለመድፈን ስንታገል ማየት አያሳፍርምን?

አሁን ከሰማይ ወደ ሶዶ እንውረድ፡፡ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተዘረጋችው ከተማችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማእከል ሆናለች፡፡ እንግዳው በዝቷል፤ ሱቁ በዝቷል፤ ጩኸቱም አብሮ አድጓል፡፡ ማለዳ የመናኸሪያው ረዳቶች መንገደኛ ይጣራሉ፡፡ ረፈድ ሲል የሞባይል መሸጫው ሞንታርቦውን ደጁ ላይ አውጥቶ ይለቀዋል፡፡ ከጎኑ ያለው ጫማ ቤት እንዳይበለጥ የራሱን ይከፍታል፡፡ በሁለቱ መካከል የሎተሪ መኪና የተቀዳ ማስታወቂያውን እያስጮኸ ያልፋል፡፡ የባጃጁ ክላክስ አያርፍም፡፡ ማታ የግሮሰሪው ዘፈን፣ ሌሊት የየቤተ እምነቱ ድምፅ ማጉያ ይከተላል፡፡ ይህ የሶዶ ብቻ አይደለም፤ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ከዚህ አያመልጡም፡፡

ጉዞውም ያው ነው፡፡ አብዛኛው የሶዶ ሰው የሚያውቀው ጉዞ የአውቶቡስ ጉዞ ነው፡፡ ከሶዶ ተነስቶ በቦዲቲ በኩል ወደ ሐላባ በሚወጣ አውቶቡስ ውስጥ ስፒከሩ ከመንገደኛው ራስ በላይ ተሰቅሏል፡፡ የሾፌሩ ምርጫ የተሳፋሪው ሁሉ ዕጣ ነው፡፡ እዚህ ላይ ጩኸት ከልካዩ ምን ይፈይዳል? የጎማውንና የሞተሩን ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ ያንን ሲቀንስ ዘፋኙ ይበልጥ ጠርቶ ይሰማል! ስለዚህ ባለ ሄድፎኑ በሾፌሩ ዘፈን ላይ የራሱን ዘፈን ይደርባል፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከ80 ዴሲቤል ሊያድነው የተገዛው ዕቃ 90 ላይ ያወጣዋል፡፡ ከአጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ «ልጄ፣ ቦዲቲ ደረስን ወይ?» ብለው ቢጠይቁት አይሰማም፡፡ ሾፌሩ ግን እንደ ጮኸ ነው፡፡ በዚህ ጦርነት የተሸነፈው ማን ነው? ዝም ያሉት ሽማግሌ አይደሉምን?

«እኛ እኮ የድምፅ ሕዝብ ነን» የሚለኝ ወዳጅ አለ፡፡ «ሠርጋችን በጭፈራ፣ ለቅሯችን በሙሾ፣ ገበያችን በጥሪ ነው፤ ጸጥታ የምትለው የሌላ አገር ሰው አመል ነው» ይለኛል፡፡ ወዳጄ ያልለየው ጉሮሮንና ሞንታርቦን ነው፡፡ የሰው ጉሮሮ ልኩን ከተፈጥሮ ይዞ መጥቷል፤ ይደክማል፣ ይሻክራል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ያርፋል፡፡ ጊፋታ ሲደርስ የሚጨፍረው ወጣት ሰፈሩን ያናውጣል፤ ነገር ግን ማን እንደሚጨፍር ይታያል፤ ወጥተህ አብረህ ትጨፍራለህ፤ ካልፈለግህም ሲያልፍ ያልፋል፡፡ አልቃሿ ስታወርድ መላው ሰፈር ሐዘኑን ይካፈላል፡፡ ሞንታርቦ ግን አይደክምም፤ አያፍርም፤ ማን እንዳስከፋ አያይም፡፡ ባለቤቱ አስነስቶት ምሳ ሊበላ ይሄዳል፡፡ ይህ ባህል አይደለም፤ ባህላችን እንዲህ ያለ ጉሮሮ አያውቅም፡፡

በሃይማኖት በኩል የሚመጣውንም መልስ አውቀዋለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራውም እርሱ ነው፡፡ ስለ ጸሎት የሚከራከር እዚህ የለም፤ ክርክሩ ስለ ማጉያው ነው፡፡ ለእስልምና የመጀመሪያውን አዛን ያሰማው የሐበሻ ዘር የነበረው ቢላል ነው፤ በገዛ ጉሮሮው፡፡ ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም እንዳልተሰማቸው ትውፊታችን ይነግረናል፤ በዚያ ጉባኤ ማጉያ አልነበረም፤ የነበረው ጆሮ ነው፡፡ የወላይታ የወንጌል አማኞችስ ታሪክ ምን ይላል? በ1928 እ.ኤ.አ. ወደዚህ አካባቢ የመጡት ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ የተዋቸው የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ፡፡ ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው አገኟቸው፡፡ በእስርና በግርፋት መካከል ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጎጆ ወደ ጎጆ ሄደ እንጂ በሽቦ አልሄደም፡፡ ሦስቱም ታሪኮች አንድ ነገር ይመሰክራሉ፤ እምነት የተስፋፋው በሚያዳምጥ ጆሮ ነው፡፡ የሌሊት እንቅልፍ ያጣች አራስ ግን ለማዳመጥ አቅም የላትም፡፡

ሁለተኛው ወዳጄ «ከተማው አይለወጥም፤ እኔ ልዳን» የሚል ነው፡፡ ከዚህኛው ጋር የምከራከረው በርኅራኄ ነው፤ ድካሙ ይገባኛልና፡፡ ግን ዋጋውን እንይ፡፡ ስመ ጥሮቹ ሄድፎኖች በውጭ ገበያ ከ300 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል፡፡ እንግዲህ በትንሹ ከ30 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው፡፡ ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እንሰማ ነበር፤ አሁን በወርቅ ዋጋ ሲሸጥ አየን፡፡ ከሞንታርቦው ሥር ተቀምጦ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ይህን ይገዛልን? የሱቁ ዘበኛስ? ለፈተና የምታጠናው ተማሪ፣ በሆስፒታል የተኛው በሽተኛስ?

ይህ መንገድ አዲስ እንዳልሆነ ልብ በሉ፡፡ ጀነሬተር የገዛ ሰው ስለ መብራት መቆራረጥ መጮህ ይተዋል፡፡ የታሸገ ውኃ የሚጠጣ ሰው ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ አይጠይቅም፡፡ ከጋራ ችግር በግል ገንዘብ የወጣ ሰው ችግሩን ይዞት አልወጣም፤ ለቀሩት ትቶላቸው ወጣ እንጂ፡፡ ይባስ ብሎም ገንዘብ ያለው፣ ቢናገር የሚደመጠው፣ ማመልከቻ መጻፍ የሚችለው፣ የአስተዳደሩን በር የሚያውቀው ሰው ነው አስቀድሞ የሚወጣው፡፡ «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚል የቆየ እሮሮ አለን፡፡ ጩኸት ከልካዩ የከለከለው የሞንታርቦውን ጩኸት አይደለም፤ የእኛን ጩኸት ነው የቀማው፡፡

እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ በየዕለቱ የማየውን አንድ ነገር ልናገር፡፡ ገንዘብ በለሆሳስ የሚነገር ነገር ነው፡፡ ከገጠር የመጡ እናት፣ ልጃቸው ከደቡብ አፍሪካ የላከላቸውን ብር ሊያወጡ መስኮቱ ላይ ይቆማሉ፡፡ «እማማ፣ ስንት ልስጥዎ?» እላቸዋለሁ፡፡ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ይነግሩኛል፤ ከመንገዱ ማዶ ሞንታርቦው ስለሚያስተጋባ አልሰማቸውም፡፡ ይደግሙታል፤ አሁንም አልሰማም፡፡ በሦስተኛው ይጮኻሉ፡፡ ያን ጊዜ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ እኒህ እናት ስንት ብር በመቀነታቸው ቋጥረው እንደሚወጡ ያውቃል፡፡ ፊታቸው ላይ የማየው እፍረትና ፍርሃት አንድ ላይ ነው፡፡ ለእኒህ እናት የትኛውን ሄድፎን እናዝዝላቸው? ጆሯቸውን ብንሸፍን ለስላሳ ድምፃቸውን ማን ይመልስላቸዋል? ጩኸት እንቅልፍ ብቻ አይሰርቅም፤ ምስጢር ይሰርቃል፤ ጨዋ ሰው በጨዋ ድምፅ የመናገር መብቱን ይሰርቃል፡፡

ሕግ የለንም እንዳንል ሕግ አለን፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለ ይዞታው ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል፤ ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያሳልፍ በግልጽ ይናገራል፡፡ መልካም ጉርብትና! ሕግ አውጪው የጩኸትን ልክ በመሣሪያ ከመለካቱ በፊት በጉርብትና ለካው፡፡ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ድምፅን ከአየርና ከውኃ ብክለት ጋር አስተካክሎ፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣለት ደንግጓል፡፡ በመመሪያ የተቀመጠውም ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፡፡ የድምፅ ኃይል በየ3 ዴሲቤሉ እጥፍ እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው፣ በ45 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት ሰማይና ምድር ነው፡፡ ሕጉ ግን ተነስቶ ራሱ ሞንታርቦ አይነቅልም፤ አቤት የሚል ሰው ይፈልጋል፡፡ አቤት ባዩ ጆሮውን ዳባ አልብሶ ከተቀመጠ ሕጉ ማንን ሰምቶ ይነሳል?

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ልመለስ፡፡ ከእኛ መካከል «ለመጻፍ ጸጥታ ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ ሄድፎን አደርጋለሁ» የሚል ብዙ ነው፡፡ ለመጻፍ ጸጥታ ያስፈልጋል፤ አልክድም፡፡ የሚጻፈው ነገር ግን ከየት ይመጣል? የአማርኛ ግጥም በጆሮ የሚያድግ ጥበብ ነው፡፡ ቤት መምታቱ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ ሰሙ ከወርቁ የሚለየው አንዲቱን ቃል ጠበቅ ወይም ላላ አድርጎ በሰማ ጆሮ ነው፤ ፊደላችን ጥብቀትና ላልቶን አይጽፍምና፡፡ በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሁሉ በየራሳቸው ምዕራፍ በአንድነት እየጮኹ ያነባሉ፤ የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የአንዱን ሕፃን ስሕተት ነጥለው ሰምተው ያርሙታል፡፡ ይህ የሠለጠነ ጆሮ ነው፡፡ ጩኸትን የሚከለክለው በመሸፈን ሳይሆን በማዳመጥ ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ጆሮ ያለ ሞንታርቦ ካልሆነ ማሠልጠን አይቻልም፤ ማጉያ ባለበት የኔታም አይሰሙምና፡፡ ስለዚህ ገጣሚ ሞንታርቦውን ሊዋጋ የሚገባው ለምቾቱ ሳይሆን ለመሣሪያው ነው፤ አናጺ ለመጋዙ እንደሚቆረቆር፡፡

በገበያ መካከል ሁለት ሴቶች ወላይትኛውን ከአማርኛ እያደባለቁ የሚነጋገሩትን የማይሰማ ጸሐፊ፣ የረዳቱን ተረብ የማይሰማ ደራሲ፣ የሽማግሌውን እርግማንና ምርቃት የማይሰማ ባለቅኔ ምን ይጽፋል? ደግሞ የምናውቀው አንድ ከባድ ጩኸት አለ፡፡ በመኪና ላይ ሕሙም ተኝቶ፣ ከጎኑ ወዳጆቹ በማጉያ «ወገኖች፣ ለሕክምና እርዱን» እያሉ በጎዳናችን ያልፋሉ፡፡ ማጉያው ያው ማጉያ ነው፤ ጩኸቱ ግን ሌላ ነው፡፡ ጫማ ሻጩና ሎተሪው ሲጮኹ የዋሉበት ጎዳና ላይ የዚህ ሰው ልመናም ከእነርሱ ጋር ተደባልቆ ይሰለቻል፡፡ በከንቱ የሚጮኸው ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሰው በሹክሹክታ ለምኖ ይሰማ ነበር፡፡ ሄድፎን ያደረገው ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ ሻጩንም ሕሙሙንም እኩል ያጠፋል፡፡

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሄድፎኑን አንጣለው፤ ለአውሮፕላኑ እናስቀምጠው፡፡ በአውቶቡስ ግን አውልቀን ሾፌሩን «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» እንበለው፤ አንድ ሰው ሲል ይገላምጣል፣ አሥር ሰው ሲል ይቀንሳል፡፡ ባለ ሱቁን ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ እንዲያስገባ በጉርብትና እንለምነው፤ እምቢ ካለ አሥራ አምስትና ሃያ ሆነን ፈርመን ለቀበሌው እናመልክት፤ ቁጥር 1225ን ጠቅሰን፡፡ የከተማው አስተዳደር ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ዙሪያ፣ ለሌሊት ሰዓት ልክ ያብጅ፤ የሚለካበትንም መሣሪያ ይግዛ፡፡ የእምነት አባቶች ሁሉ በአንድነት ተቀምጠው ማጉያቸው ከግቢያቸው ግንብ እንዳያልፍ ይስማሙ፤ እነርሱ ከተስማሙ ጫማ ሻጩ የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም፡፡ ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም ማለት ይቻላል፡፡ ከ30 ሺህ ብር ግን የሚበልጥ ነገር ያመጣል፤ ሁላችንም የምንካፈለውን ጸጥታ፡፡

በቋንቋችን አንድ የምታስደንቅ ቃል አለች፡፡ ሰው በስማችን ሲጠራን «አቤት» እንላለን፤ ስንበደልም ወደ ዳኛ ቀርበን «አቤት» እንላለን፡፡ መስማትና መጮህ በአንዲት ቃል ታስረዋል፡፡ ለሚጠራው «አቤት» የማይል ሰው፣ ሲበደል «አቤት» ቢል የሚሰማው አያገኝም፡፡

ለማይሰማኝ ሞተር፣ ለማያውቀኝ ብረት፣
ጆሮዬን ብዘጋ ምን ነውር አለበት?
ሰው ሲጮህብኝ ግን፣ ያገሬ ጎረቤት፣
ዳባዬን አውልቄ ልውጣ ልበል አቤት፡፡